የእትዬ ብርቄ መርዶ

ከእኔ ጋር የሠራ ሰው ሁሉ ቁጡ መሆኔን ይመሰክራል። እናቴም ምላሴን "በር የሌለው ቤት" ትለው ነበር። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ፣ በእነዚያ ሁለት ቀናት ዝም ማለት ምን ያህል እንደከበደኝ እንድትረዱልኝ ነው።

ያኔ ጉለሌ ውስጥ በአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ሶሻል ወርከር ነበርኩ። ሥራዬ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ጎረቤቶቼ ስንዴ የማድል ይመስላቸው ነበር፤ አንዳንዶቹም ድርሻቸውን ስላላመጣሁላቸው አኩርፈውኛል። እውነቱን ለመናገር የምሰጠው ነገር አልነበረኝም። የተደበደበች ሴት፣ ወላጅ የሞተበት ልጅ፣ ጧሪ ያጣ አዛውንት ሲመጣ አዳምጣለሁ፤ ሆስፒታል ወይም ፖሊስ ጣቢያ አብሬ እሄዳለሁ፤ የሚጠጋበት ቦታ እፈልጋለሁ። ባለጉዳይ የነገረችን ነገር ደግሞ ያለ ፈቃዷ ከእኛ አይወጣም። ሙያው የቆመው በዚህ ላይ ነው።

የቀድሞው ኃላፊያችን ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። አንድ ቀን ባለጉዳይ እያነጋገርኩ ሳያንኳኩ ገብተው፣ ሳምንቱን ሙሉ ባዩኝ ቁጥር ይቅርታ ሲጠይቁኝ ከረሙ። ከዚያ አንድ ሰኞ ጠዋት "ተነሱ" ተባለ። ለምን እንደተነሱ አትጠይቁኝ። በእኛ ቢሮ የኃላፊን መነሳት መጀመሪያ የሚያውቀው የበር ጥበቃው ነው፤ እሱም ምክንያቱን አይናገርም።

በቦታቸው አቶ ግርማ ተመደቡ። ሰነፍ አልነበሩም፤ ክፉም አልነበሩም። ከሁላችንም ቀድመው ይገባሉ፣ ከሁላችንም በኋላ ይወጣሉ። መጀመሪያ ያዘዙት የቢሮ በሮች ሁሉ ክፍት እንዲሆኑ ነበር። "ሕዝብ የሚያገለግል ሰው በር አይዘጋም" አሉ። እኔ እዘጋለሁ፣ እሳቸው ሲያልፉ ይከፍታሉ፣ እኔ ደግሞ ተነስቼ እዘጋለሁ። አዲስ የሠራተኛ ምደባ ሊወጣ ነው እየተባለ ስለነበር፣ ባልደረቦቼ በሩን ስዘጋ ባዩኝ ቁጥር በዓይናቸው "ተይ" ይሉኝ ነበር።

በዚያን ጊዜ አንዲት ባለጉዳይ ነበረችኝ። ስሟን ለውጬዋለሁ፤ ዓለም ልበላት። ከቀጨኔ ልጇን አዝላ ስትመጣ ግራ ክንዷ ተሰብሮ ነበር። የሰበረው ባሏ ነው። "ሁለተኛ ጥለሽኝ ከሄድሽ ክንድሽን ብቻ አይደለም" ብሏታል። የቀረውን አልተናገረም፤ መናገርም አላስፈለገውም። ክሱ እስኪታይ ድረስ እሷና ልጇ አንድ የሴቶች መጠለያ ገቡ። መጠለያው የት እንደሆነ ከቢሯችን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ባልየውን ጌታነህ እንበለው። ቀጨኔ ውስጥ ሱቅ አለው። በሰፈር ስብሰባ ከፊት የሚቀመጥ፣ ለእንግዳ ውኃ የሚያቀርብ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር ሰው ነው። ሲያዩት የሚያሳዝን ዓይነት።

ሐሙስ ጠዋት አቶ ግርማ አስጠሩኝ። ስገባ ጌታነህ ከጠረጴዛቸው ፊት ተቀምጧል። ዓይኑ ቀልቷል።

"ተቀመጪ" አሉኝ አቶ ግርማ። "አንዲት የተከበሩ እናት ዛሬ ሌሊት አርፈዋል። እትዬ ብርቄ ይባላሉ።"

እትዬ ብርቄን አውቃቸዋለሁ። ዓለም በልጅነቷ እናቷ ሲሞቱባት የጎረቤት ልጅ ብለው ሳይንቁ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ክንዷ የተሰበረ ዕለት በነጠላቸው አስረው፣ እየደገፉ ወደ እኔ ያመጧትም እሳቸው ናቸው። ዓለም "እማዬ" የምትለው እትዬ ብርቄን ነበር።

"ነፍስ ይማር" አልኩ።

"ነገ ስድስት ሰዓት ቀጨኔ መድኃኔ ዓለም ይቀበራሉ። ልጅቷ መርዶዋን መስማት አለባት።"

"የት እንዳለች ለማንም አልናገርም፣ አቶ ግርማ።"

ፈገግ አሉ። "ማን አድራሻ ጠየቀሽ? ደንባችሁን አንብቤዋለሁ እኮ። መርዶዋን ብቻ ንገሪያት። ትመጣለች። ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ሽማግሌ ተዘጋጅቷል፤ የእድሩ ዳኛ አባባ ደምሴ ይመሩታል። ይታረቃሉ፣ ልጁም አባቱ ቤት ይገባል። በቃ፣ አንድ ቤተሰብ አዳንን ማለት ነው።"

"ሽማግሌ እንደሚጠብቃት ልንገራት?"

"ከነገርሻትማ ትቀራለች።"

ለቅሶ ድንኳን ውስጥ የሚቀርብ የእርቅ ጥያቄ ምን ማለት እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የሟች ቤተሰብ እያለቀሰ፣ ሽማግሌ ቆሞ "ስለ ሟቿ ብለሽ" ሲል እምቢ የምትል ሴት ከዚያ በኋላ በሰፈሩ ሰው ሆና አትቆጠርም። እምቢ ካላለች ደግሞ ያን ማታ የምታድረው ክንዷን ከሰበረው ሰው ጋር ነው።

"ጉዳዩ እኮ ፍርድ ቤት ነው ያለው" አልኩ።

"ታርቀው ቢመጡ ፍርድ ቤቱስ ምን ይጠላል?" አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ምደባው ሰኞ ነው። የሚተባበር ሠራተኛ ነው የምፈልገው።"

ጌታነህ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፈተ። "እህቴ፣ ይቅርታ ልጠይቃት እኮ ነው። እግሯ ላይ ወድቄ።"

ሊወጣኝ የነበረውን ቃል እዚህ ብጽፈው ይህን የምታነቡ ትልልቅ ሰዎች ታዝኑብኛላችሁ። ከንፈሬን ነክሼ ወጣሁ።

ደረጃውን እየወረድኩ ነገሩን አሰላሰልኩ። ብነግራት በገዛ እጄ ወጥመድ ውስጥ ልከታት ነው። ባልነግራት ደግሞ ያሳደጓትን እናት ሳትቀብር ትቀራለች። ዝምታውን "ለደኅንነቷ ስል ነው" ብዬ መጽደቅ እችላለሁ፤ ሪፖርት ላይም ያምራል። ግን የእናትን መርዶ የመደበቅ ሥልጣን ማን ሰጠኝ?

ቢያንስ የመጠለያዋን ኃላፊ በአካል ላማክር ብዬ ታክሲ ያዝኩ። ጥቂት እንደሄድን ከኋላዬ አንድ ሰው ሲያስነጥስ ዞር አልኩ። ጌታነህ ነው። መጨረሻው ወንበር ላይ ሆኖ በመስኮት ወደ ውጭ ያያል። ሽሮ ሜዳ ስደርስ "ወራጅ!" አልኩ፤ እሱም ወረደ። ከጨርቅ ሱቆቹ አንዱ ገብቼ የማልገዛውን ቀሚስ ዋጋ ስከራከር ቆየሁ። ስወጣ ማዶ ቆሟል። መሸሸግ እንኳን አልፈለገም።

ያኔ የእንጦጦ ታክሲ ውስጥ ገባሁ። እሱም ገባ። እንግዲህ እስከ ላይ ድረስ አብረን ወጣን። በሥራ ሰዓት እንጦጦ ማርያም የሄድኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ደጁን ተሳልሜ ከአጥሩ ሥር ተቀመጥኩ። መጥቶ ከእኔ ትንሽ ራቅ ብሎ ተቀመጠ።

"እዚህ ነው ያለችው?" አለኝ።

"እዚህ ያለችው ማርያም ናት።"

ሳቀ። "ቀልደኛ ነሽ።" ከዚያ ድምፁን ሳይለውጥ ቀጠለ። "ስሚኝ። ነገ ካልመጣች፣ እናቷን እንዳትቀብር ያደረግሻት አንቺ ነሽ ብዬ ለሰፈሩ ሁሉ እናገራለሁ። ለእሷም ይደርሳታል። ከዚያ በኋላ ዓይንሽን ማየት የምትፈልግ ይመስልሻል?"

ያናደደኝ ማስፈራራቱ አልነበረም። በዚህ በአንዷ ነገር እውነቱን መሆኑ ነው። ዓለምን ከእኔ የበለጠ ያውቃታል፤ የት እንደሚያማትም ያውቃል። ፀሐይዋ እስክትዘቀዝቅ ተቀመጥን። በመጨረሻ ልብሱን አራግፎ ተነሳና "ስድስት ሰዓት ነው ቀብሩ" ብሎኝ ወረደ። እኔም መጠለያውን ትቼ በቀጥታ ቤቴ ገባሁ።

ራት አልበላልኝም። ሳስበው ሳስበው አንድ ነገር ጠራልኝ። አቶ ግርማ ግማሹን ንገሪያት፣ ግማሹን ደብቂያት አሉኝ። እኔ ደግሞ ሁሉንም ልደብቃት ቃጥቶኝ ነበር። ሁለታችንም ስለ ዓለም እየወሰንን ነው፤ ዓለምን የጠየቃት የለም።

መርዶ በስልክ አይነገርም፤ በጠራራ ፀሐይም አይነገርም። ሲነጋጋ ቤቷ ድረስ ተሂዶ፣ የሚደግፏት ሰዎች ባሉበት ነው። ለመጠለያዋ ኃላፊ ደውዬ "ጠዋት ሳይነጋ እመጣለሁ" አልኳት። ለምን ብላ አልጠየቀችኝም፤ በዚያ ሰዓት የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ማን ያጣዋል? የዓለምን ጉዳይ ለያዘችው ሴት ፖሊስም ደወልኩ። የሲቪል ልብስ ለብሳ መጠለያው ደጅ እንድትጠብቀኝ ተስማማን።

ንጋት ላይ ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ አጥንት ይሰብራል። መንገዱ ላይ ጥቂት ኪዳን የሚሄዱ ሰዎች ብቻ ነበሩ። አሥር ጊዜ ዞሬ አየሁ፤ የሚከተለኝ አልነበረም።

ዓለም ልጇን አቅፋ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ነጠላዬን አዘቅዝቄ መልበሴን ስታይ ፊቷ ተለወጠ።

"ማነው?" አለች።

"እትዬ ብርቄ።"

የጮኸችውን ጩኸት አልረሳውም። የመጠለያው ሴቶች ከየክፍላቸው ወጥተው፣ እትዬ ብርቄን አንዳቸውም ሳያውቋቸው አብረዋት አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። ትንሽ ስትረጋጋ እጇን ያዝኩ።

"ዓለምዬ፣ ሌላም የምነግርሽ አለ። መርዶውን እንድነግርሽ ያዘዙኝ አዲሱ ኃላፊያችን ናቸው። ባልሽ ድንኳን ውስጥ ይጠብቅሻል። ሽማግሌ ተዘጋጅቷል። ይህን እንዳልነግርሽ ተብያለሁ።"

እጇን ከእጄ አወጣች። "ታዲያ ለምን ነገርሽኝ?"

"የሞቱት ያንቺ እናት ናቸው። ሊይዙ ያሰቡትም አንቺን ነው። ሳታውቂ ልወስድሽም፣ ሳታውቂ ላስቀርሽም አልችልም።"

"አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?"

ምላሴ ላይ "አትሂጂ!" የሚል ቃል ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። እንደ ድንጋይ ነው የወረደው። "እኔ አንቺን አይደለሁም" አልኳት። "መቅረት ትችያለሽ። ቤተ ክርስቲያን ብቻ ደርሰሽ መመለስም ትችያለሽ። ድንኳን ከገባሽም ፖሊሷና እኔ ከጎንሽ አንጠፋም። የመረጥሽው ይሁን።"

ልጇን አጥብታ አስተኛች። ከዚያ ነጠላዋን አነሳች።

"እሄዳለሁ። ድንኳኑም እገባለሁ። እናቴን ቀብሬ እንደ ሌባ በጓሮ አልወጣም።"

ምርጫዋን አከብራለሁ ብዬ ነበር። አከበርኩት፤ ግን በፍርሃት ልሞት ደርሼ ነበር። ልጁን መጠለያው ትተን ሦስታችን ወጣን።

ቀጨኔ መድኃኔ ዓለም ፍትሐቱ አልቆ አስከሬኑ ሲወጣ ዓለም በደህና እጇ ሳጥኑን ይዛ ሄደች። አፈር አለበሰች። ለቀስተኛው ዞር እያለ ያያታል፤ ይንሾካሾካል። ጌታነህን ከሩቅ አየሁት፤ ጥቁር ኮቱን ለብሶ አንገቱን ደፍቷል። አቶ ግርማም መጥተዋል። አጠገባቸው ከቢሯችን የመጣ ካሜራ የያዘ ልጅ ቆሟል። አዲሱ አመራር ያስታረቀው ቤተሰብ ሊቀረጽ ነው ማለት ነው።

ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። ንፍሮ እየተዞረ ሳለ አባባ ደምሴ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ። ስለ እትዬ ብርቄ ደግነት ተናገሩና "በእሳቸው ቤት ተጣልቶ የሚቀር ሰው አይኑር" አሉ። ይህን ሲሉ ጌታነህ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ገባ። ዓለም ፊት ተንበረከከ። ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ።

"ይቅር በይው!" አለች አንዷ።

"ስለ እትዬ ብርቄ ብለሽ!"

"ልጅሽን አስቢ፣ ዓለም!"

እኔ ከዓለም ቀጥሎ ነበርኩ። ጌታነህ ድንጋዩን እንደተሸከመ ወደ እሷ ጠጋ አለና ከንፈሩን እምብዛም ሳያንቀሳቅስ ተናገረ። ከእሷና ከእኔ በቀር የሰማው የለም።

"ዛሬ የት እንደምታድሪ አያለሁ።"

"አለቀ፣ እሺ ልትል ነው" ብዬ አሰብኩ። ልቆም፣ ልጮህ፣ የሰማሁትን ልናገር ነበር። ፊቷን ሳይ ግን ተውኩት። ተነስታ ቆመች።

"አባባ ደምሴ፣" አለች። "እርቅ ከሆነ እንደ ደንቡ ይሁን። ዋስ ይጥራ።"

ሽማግሌው ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

"እውነቷን ነው፤ ያለ ዋስ እርቅ የለም" አሉ። "ጌታነህ፣ ዳግመኛ እጅህን እንደማታነሳባት፣ ብታነሳም ካንተ እኩል የሚጠየቅልህ ሰው ጥራ።"

ጌታነህ እንደተንበረከከ የጎረቤቱን ባለሱቅ ስም ጠራ። ባለሱቁ ንፍሮውን መቁጠር ያዘ። ሌላ ጓደኛውን ጠራ። "እኔ እንኳ፣ እ... ማለቴ፣ ሰሞኑን እዚህም አልነበርኩ" አለ ሰውየው። የገዛ ወንድሙን ጠራ፤ ወንድሙ አንገቱን ደፋ። በቀጨኔ ጠባብ መንገዶች ቤት ከቤት የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ዓለም ስትጮህ ሁሉም ሰምተዋል። "ይቅር በይው" ለማለት አልቸገራቸውም፤ ከእሱ ጋር ልጠየቅ የሚል ግን ጠፋ።

የጌታነህ ዓይን ዞሮ ዞሮ ፊት ወንበር ላይ ቆመ። "አቶ ግርማ አሉ!" አለ። "የመንግሥት አካል ናቸው። ዋሴ እርሳቸው ናቸው።"

ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ። ባለ ካሜራው ልጅም ዞረ። አቶ ግርማ ከወንበራቸው ከፍ አሉ። አፋቸው ተከፈተ። ዓይናቸው ዓለም ክንድ ላይ ባለው ጀሶ ላይ አረፈ፤ ከዚያ ጌታነህ ላይ። ቀስ ብለው መልሰው ተቀመጡ።

"እንግዲህ ዋስ አልተገኘም" አሉ አባባ ደምሴ። "ልጄ፣ አንቺ ነፃ ነሽ። እግዚአብሔር ያጽናሽ።"

ወደ መውጫው ስንሄድ ድንጋዩ መሬት ላይ ሲወድቅ ሰማሁ። ጌታነህ ተነስቶ ሊከተለን ሲል የአባባ ደምሴ ከዘራ ፊቱ ተጋረጠ።

"ለቅሶ ጥለህ ወዴት ነው? ተቀመጥ።"

ሁለት የእድሩ ሰዎች በሩ ላይ ቆሙ። ፖሊሷ አስቀድማ ያቆመችው መኪና ውስጥ ገባን። ሽሮ ሜዳን እስክናልፍ ወደ ኋላ ስናይ ነበር። ከዚያ ዓለም ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ ጣለች።

"ባትነግሪኝ ኖሮ፣" አለች፣ "አንድ ቀን መስማቴ አይቀርም ነበር። ያኔ አንቺንም ከእሱ ለይቼ አላይሽም ነበር።"

ሰኞ ምደባው ወጣ። እኔ መዝገብ ቤት ተመደብኩ። ዕቃዬን በካርቶን ይዤ ስወርድ አቶ ግርማን ደረጃው ላይ አገኘኋቸው። ሊያልፉኝ ነበር፤ ተመልሰው ቆሙ።

"ሰውየውን በቅጡ አላውቀውም እኮ" አሉኝ፣ ያልጠየቅኳቸውን። "እንዴት አድርጌ ዋስ ልሁነው?"

"እሷን ግን ከእሱ ጋር ሊልኳት ነበር" አልኳቸው።

ደረጃውን ወጥተው ሄዱ። ምደባውንም አልለወጡትም፤ እንዲህ ያለ ታሪክ መጨረሻው ላይ ሁሉም ሲስተካከል ደስ እንደሚላችሁ አውቃለሁ፤ እኔ ግን መዝገብ ቤት ውስጥ አቧራ ስጠጣ ከረምኩ። በኋላ እሳቸውም ተነሱ። የበር ጥበቃው ነው የነገረኝ። ቀጥሎ የመጡት ወደ ሥራዬ መለሱኝ፤ እሳቸውም ሄደዋል፣ አሁን ሌላ አሉ። ነገ ደግሞ ሌላ ይመጣል። እያንዳንዱ የራሱን መመሪያ ይዞ ይመጣል፤ አንዳንዱም ጥሩ ነው። ባለጉዳይዋ ግን ኃላፊ በተለወጠ ቁጥር ሌላ ሰው አትሆንም። የእኔም ቃል ከኃላፊ ጋር አይነሳም፣ ከኃላፊ ጋር አይመደብም። ከዚያ በፊት ምስጢር ከጠበቅኩ ሥራዬን የጨረስኩ ይመስለኝ ነበር። ከእሷ ከራሷ የምደብቀው ነገር እንደሌለ የተማርኩት ያን ንጋት፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ በሯ ላይ ስቆም ነው።

እናንተም አንድ ቀን ለቅሶ ቤት፣ ሠርግ ቤት፣ ጎረቤት ቤት ተቀምጣችሁ የተደበደበችን ሴት "ተይ፣ ታረቂው" ልትሏት ትችላላችሁ። ከማለታችሁ በፊት "ዋስ ጥራ" ሲባል እጃችሁን ታነሱ እንደሆነ ራሳችሁን ጠይቁ። ካላነሳችሁ ንፍሯችሁን ብሉ፤ ዝም በሉ።

ዓለም ክሷን እስከ መጨረሻው ተከታትላለች። ፍርዱ የእሷ ነው፤ አላወራውም። ልጇ አድጓል፤ እሷም ሥራ ይዛለች። አልፎ አልፎ እንገናኛለን። የት እንደምትኖር ብትጠይቁኝ ግን አልነግራችሁም።